በጾም ቀን ያልቀመስኩት ቢራ

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። አሁንም ብርጭቆ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ባዶውን አሸታለሁ። ባለቤቴ አስናቀች በሰው ቤት እንዲህ ሳደርግ ስታይ በክርኗ ትጎስመኛለች። «ቆሻሻ ናችሁ ያልካቸው ይመስላቸዋል» ትለኛለች። ልክ ናት። ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት የሠራ አፍንጫ በአንድ ደብዳቤ ጡረታ አይወጣም።

ሥራዬ ቢራ ነበር። መጀመሪያ የሌሎችን የድራፍት ቧንቧ አጣቢ፣ በኋላ የራሴን ቢራ ጠማቂ ሆንኩ። በዚህ ዘመን ሁሉ ብዙ ሰው አስደስቻለሁ ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ሰው ግን ጎድቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ወጊው አልረሳሁም፤ ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

የተወለድኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። ትምህርት እንደጨረስኩ ከአገሬ ርቄ አንድ የቢራ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። የገባሁት የመጥመቂያ ጋኖቹ ያሉበት ቀዝቃዛ ክፍል ሲሆን፣ አለቃዬ ጋሽ በየነ የሚባሉ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ትዕግሥታቸውም ከቁመታቸው ያጠረ ሰው ነበሩ። ጋሽ በየነ ሽቶ አይቀቡም፤ የተቀባ ሰውም ወደ ክፍላቸው አያስገቡም። ጠዋት ሽንኩርት በልቶ የመጣ ሠራተኛ እስከ ምሳ ሰዓት ግቢ ሲጠርግ ይውላል። እኔ አንድ ጊዜ ሽሮ በልቼ ገብቼ ግቢውን በደንብ አውቄዋለሁ።

«እኛ ጠማቂ አይደለንም» ይሉ ነበር። «ቢራውን የሚሠራው እርሾው ነው። እኛ የእርሾው ቤት ጠራጊዎች ነን። ቤቱን ካላጸዳህለት ይቀየምሃል፤ ሲቀየምህ ደግሞ ሽማግሌ ልከህ አታስታርቀውም።»

ስለ ማጠብ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ፤ የነገሬ ሥር እሱ ነውና። ቢራ የሚያልፍበት ቧንቧ ውስጡ ደለልና ሻጋታ ይይዛል። ይህን የሚያወጣው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ሶዳው ቆሻሻውን ይበላል፤ ከውስጥ ካልወጣ ደግሞ ሰውን ይበላል። ስለዚህ ቧንቧው በውሃ ይለቀለቃል፣ ደግሞ ይለቀለቃል። ጋሽ በየነ የመጨረሻውን ውሃ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል ያሹታል። እንደ ሳሙና ካንሸራተተ ሶዳ አለ ማለት ነው። ጣት ጣትን ከያዘ ወጥቷል። ይህም አልበቃቸውም። ቢራው ሲመጣ ከእያንዳንዱ ቧንቧ የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሚጠጣው ያጠበው ሰው ነው፤ ቆሞ፣ በሌላ ሰው ፊት። «ያጠብከውን ራስህ ካልጠጣኸው አላጠብከውም» ይሉ ነበር።

እናቴ ጠላ ለእንግዳ ስታቀርብ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስ ነበር። ጋሽ በየነ ያንኑ ነው ወደ ፋብሪካ ያስገቡት ብዬ ስነግራቸው፣ «እናትህ ካስተማረችህ እኔ ለምን እደክማለሁ?» አሉኝና ሄዱ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ፋብሪካው የደቡብ የድራፍት ቴክኒሻን አድርጎ ወደ አገሬ መለሰኝ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ ውሎ አበሉ ግን ያደርስ ነበር። አዲሱ አለቃዬ ሪፖርት በሦስት ቅጂ የሚወድ፣ የቢራ መቅጃ ግን በቅርብ ያየ የማይመስለኝ ሰው ነበር። አንድ ሞተር ሳይክል፣ የሶዳ ጀሪካንና የተጠቀለለ ጎማ ይዤ ከሲቀላ ግሮሰሪዎች እስከ ላይኛው ሠፈር ሴቻ ሆቴሎች፣ ከዚያም ወደ ደጋው እወጣለሁ። ጨንቻ ጉም ውስጥ ሞተሬን ገፍቼ ወጥቻለሁ። ካምባ በገበያ ቀን ደርሼ ቧንቧ ላጥብ ስል ባለግሮሰሪው፣ «ዛሬ ማን ድራፍት ይጠጣል? ሁሉም ፋርሶ ቤት ነው» ብሎኛል።

ፋርሶ የደጋው የገብስ ጠላ ነው። ወፍራም ነው፤ ግማሹ መጠጥ ግማሹ ምግብ። ፋብሪካ ያደገው አፍንጫዬ መጀመሪያ ናቀው። ያን ቀን ግን ዝናብ ስለያዘኝ አብሬ ተቀመጥኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ቅል አብረው ሲጠጡ አየሁ። በደጋው የወዳጅ ወግ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይቀድምም። ለእኔም ተቀዳልኝ። መጀመሪያ ጭስ ጭስ አለኝ፣ ቀጥሎ ኮምጠጥ፣ ከዚያ የተቆላ ገብስ ጣዕም ምላሴ ላይ ቁጭ አለ። እኛ በስንት ማሽን የምናሳድደው ጣዕም በአንዲት ሴት ጋን ውስጥ ነበር። በጣም ቀናሁ። ሞተሬ ላይ ስወጣ ሦስት ቅል ጠጥቼ ስለነበር ቀስ ብዬ ነው የወረድኩት።

ቅናቴን ሥራ ያደረገልኝ አቶ ታምራት ነው፤ ሴቻ ላይ ሆቴል ያለው ሰው። አዲስ አበባ ሄዶ በራሱ ቢራ የሚጠምቅ ሆቴል አይቶ መጣና፣ «ደሳለኝ፣ እኛ ምን ያንሰናል?» አለኝ። ምንም አላነሰንም፤ ልምድ ብቻ ነበር ያነሰን። ፋብሪካውን ለቅቄ ሆቴሉ ጓሮ አራት ትናንሽ ጋኖች ተከልኩ። አቶ ታምራት ሐሳብ የማያልቅበት ሰው ነው። ከጫኖ አንድ አይሱዙ ማንጎ አስመጥቶ «የማንጎ ቢራ» አለ። ጠመቅን። ጋኑ ተነፋ፣ ክዳኑ በረረ፣ ጣሪያው እስከ ዛሬ ቢጫ ነው። ቀጥሎ ሙዝ ሲል ቁልፉን ደብቄበት ሰነበትኩ።

የሠመረልን የካምባን ገብስ ስናመጣ ነው። ብቅሉን ራሳችን አበቀልን፤ ከፊሉን እንደ ፋርሶ ቤቶቹ ቆላነው። ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ አራተኛው ወጣ። ቀይ ቢራ፣ አረፋው ብርጭቆ ላይ የሚቆይ፣ መጨረሻው ላይ ያ የተቆላ ገብስ ያለው። «ደጋ» ብለን ሰየምነው። አሥር ሰዓት ሲሆን በረንዳው ይሞላል፤ ከታች ሐይቁ፣ ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዓሣ፣ በእጅ ደጋ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከባንክ ሠራተኞች ጋር ስለ ገብስ ሲከራከሩ እሰማ ነበር። ሰው ስለሚጠጣው ነገር መከራከር ሲጀምር ጠማቂ ደስ ይለዋል።

እንግዲህ ሰው ወደጎዳሁበት ዓርብ ልምጣ።

ሰኔ መጨረሻ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው የምረቃ ቀን። በዚያ ዓመት አስናቀች በጠና ታማ ነበርና፣ ከዳነችልኝ ብዬ ጾምና የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ተስዬ የሰኔን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳልቀምስ እይዝ ነበር። ከዚያ በፊት የሰኔን ጾም ከቄሶች በቀር የሚጾመው አለ ብዬም አላስብም ነበር። ሆኖም ተሳልኩ፤ ስለት ደግሞ ጨዋታ አይደለም።

ጠዋት አራቱን ቧንቧዎች በሶዳ አጠብኩ። ሦስቱን ለቅልቄ ጣቴን አሽቼ አራተኛው ላይ ስደርስ ውሃ ጠፋ። የአርባ ምንጭ ልጅ ሆኖ ውሃ ጠፋ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ጠፋ። በጀሪካን እንዲያመጡልኝ ልኬ ስጠብቅ አቶ ታምራት ጠራኝ፤ ጓሮ የጋዙ ሲሊንደር ያፏጫል። እሱን ጠግኜ ስመለስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ካባ የለበሱ ልጆች ከነቤተሰባቸው ደረጃውን ሞልተውታል። አስተናጋጆቹ «ጋሽ ደሳለኝ፣ ቢራ!» ይላሉ። ጀሪካኑ በር ላይ ቆሟል። አየሁት እኮ። ለአራተኛው ቧንቧ እንደመጣ ማስታወስ ነበረብኝ፤ አላስታወስኩም። ቢራውን ለአራቱም ገጠምኩ።

ከእያንዳንዳቸው አንዳንድ ብርጭቆ ቀዳሁ። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ እጠጣቸው ነበር። ያን ቀን ወደ ብርሃን አንስቼ አየኋቸው፣ አሸተትኳቸው። ሶዳ አይሸትም። የአራተኛው መልክ ጠቆር ያለ ነበር፤ አረፋውም ቶሎ ሞተ። የበርሜል መጨረሻ ይሆናል አልኩ። አራቱንም ብርጭቆ ደፋኋቸውና «ቅዱ» አልኩ። ስለቴን አልሰበርኩም ብዬ ደስ ብሎኝም ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

አቶ ዘውዴ ልጃቸውን መስከረምን ሊያስመርቁ ከካምባ የመጡ ገበሬ ናቸው። በጋሞ የተሸመነ ባለቀለም ዱንጉዛቸውን ለብሰው፣ የልጃቸውን አበባ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከአራተኛው ቧንቧ የተቀዳው የመጀመሪያው ብርጭቆ ለእሳቸው ደረሰ፤ አንድ ጊዜ በትልቁ ተጎነጩ። አልጮኹም። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ጉሮሯቸውን ያዙ፤ ከዚያ ዱንጉዛው ላይ ተፉ። መስከረም «አባ፣ አባ» እያለች በካባዋ አፋቸውን ትጠርጋለች። ሮጬ ደረስኩና ጣቶቼን ብርጭቆው ውስጥ ከትቼ አሸሁ። አንሸራተተኝ። «አራተኛውን ዝጉ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሆስፒታል ሐኪሙን ለብቻው ወስጄ የጠጡት ምን እንደሆነ ነገርኩት፤ ያን ያህል ሰው ነበርኩ። ለቤተሰቡ ግን አቶ ታምራት «ቢራው ሙቀት ነክቶት ነው» አላቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጫማዬን አየሁ። መስከረም ወደ እኔ ዞራ፣ «አባቴ እኮ መራቂ ነው» አለችኝ። «ሰርግም፣ ዘር ሲዘራም፣ ሸንጎም ላይ የሚመርቀው እሱ ነው። ድምፁ ከኮረብታ ኮረብታ ይሰማል።» ሐኪሙ ቁስሉ ይድናል፣ ድምፁ ግን እንደ ድሮው መሆኑን አላውቅም ብሎ ነበር።

አልሆነም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውዬ ስጠይቅ መስከረም፣ «እንደ ሹክሹክታ ነው የሚያወራው» አለችኝ፤ ማን እንደደወለ እንኳ አልነገርኳትም። እኔም ሥራ አልሆን አለኝ። እርሾ ስመዝን እረሳለሁ፤ የታጠበ ጋን መልሼ አጥባለሁ። አቶ ታምራት ክፉ ሰው አይደለም። «የተኛ ነገር ለምን ትቀሰቅሳለህ? ሆቴሉ ቢዘጋ ሃያ ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል» አለኝ። ይህም እውነት ነበር።

በሐምሌ አስናቀች ዳነች። ስለቴን ላገባ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ገዝቼ መጣሁ። የሆነውን ሁሉ ነግሬያት ነበርና፣ ጃንጥላውን አገላብጣ አየችውና ጥግ ላይ አቆመችው።

«ጥለቱ ያምራል» አለች። «ግን መጀመሪያ ካምባ ሂድ። የሰው ድምፅ ወስደህ በጃንጥላ ትታረቃለህ? እኔ በዚህ አልዳንኩም።»

በማግሥቱ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር የመጨረሻውን ክፍል በእግሬ ወጣሁ። አቶ ዘውዴ ደጃፋቸው ላይ ገብስ ያበጥሩ ነበር። መስከረም አወቀችኝና ፊቷ ተለወጠ። ከአባቷ ፊት ቆሜ እንዲህ አልኩ፤ «ቢራውን ሙቀት አልነካውም። ቧንቧውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሶዳውን ሳላወጣ ቀዳሁልዎ። ከዚያም ውሸት ሲነገርዎ ቆሜ ሰማሁ።»

መስከረም ተቀመጥ አላለችኝም። አቶ ዘውዴ ግን በእጃቸው መቀመጫ ድንጋይ አሳዩኝ። የሠፈሩ ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ ነገሩ በጋሞኛ ሆነ፣ መስከረምም ትተረጉምልኝ ጀመር። አንዱ ሽማግሌ «ጎሜ ነው» አሉ። «ጎሜ ማለት» አለች ከወገቧ ቀና ብላ፣ «የተደበቀ በደል ነው። ካልተናገሩት ከብቱንም፣ እህሉንም፣ ልጅንም ያበላሻል። ተናግረሃል፤ ስለዚህ ግማሹ ወጥቷል ይላሉ።» «እኔ ግማሽ አላልኩም» ብላ ጨመረች። አልፈረድኩባትም።

አቶ ዘውዴ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ለመስማት እኔም ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው።

«እኛ ቤት ፋርሶ የጠመቀች ሴት ናት መጀመሪያ የምትጠጣው። እንግዳው እያየ። አንተ ለምን አልጠጣህም?»

«ጾመኛ ነበርኩ» አልኩ።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ሲስቁ ነው።

«እኔም ጾመኛ ነበርኩ» አሉ። «ለልጄ ደስታ ብዬ ፈታሁት። አንተ ለእግዜር ብለህ ያዝከው። አሁን ንገረኝ፣ ከሁለታችን ማን ጾመ?»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ሽማግሌዎቹ የወሰኑት ይህን ነው፤ ለመስቀል መጥቼ ከጠማቂዋ ጋር ጋን አጥባለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ በበዓሉ ቀንም ፋርሶውን ለሠፈሩ ሁሉ የማቀርበው እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱን ቅል በባለቤቱ ፊት እየቀመስኩ። ጽዋ ያበላሸ ሰው ጽዋ ያቅርብ አሉ። ለአቶ ታምራት ስነግረው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ቆይቶ ግን ራሱ መኪናውን ይዞ አብሮኝ ሄደና፣ ዋሽቼ ነበር ብሎ አጠገቤ ተናገረ። ሆቴሉም አልተዘጋም።

በመስቀል ቀን ሜዳው ሞልቷል። ቅል በቅል እየቀመስኩ አቀረብኩ። ሠላሳኛው ቅል ላይ ስደርስ መሬቱ ዘንበል ማለት ጀመረ። አርባኛው ላይ ልጃገረዶቹ እያዩኝ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የፍርዱን ብልሃት ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰካራምን እስከ መጨረሻው የሚጠላ ሰው የለም። መስከረም እንኳ አንድ ጊዜ ክንዴን ይዛ ከመውደቅ አድናኛለች።

መጨረሻ ላይ አቶ ዘውዴ ጋ ደረስኩ። ልቀምስ ቅሉን ወደ አፌ ሳነሳ የእጄን አንጓ ያዙ። ይበቃሃል ያሉኝ መስሎኝ ቆምኩ። እሳቸው ግን ሻካራ ጉንጫቸውን ከጉንጬ ገጠሙና ቅሉን ለሁለታችን አዘነበሉት። እኩል ጠጣን። ጉሮሯቸው ሲውጥ በጉንጬ ተሰማኝ፤ እየከበዳቸው ነበር የሚውጡት። አለቀስኩ፤ ፋርሶውም ደረቴ ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ጠመቅኩ። ለንስሐ አባቴ ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ «ልጄ፣ በጾም ቀን ሥራህን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አድርገው፤ እግዜርም ደንበኛም አይቸኩሉም» አሉኝ። ስለዚህ በእኛ ሆቴል በጾም ወራት ድራፍት የሚከፈተው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰው አጉረመረመ፤ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበር አይገኝም። ሴቻ ላይ ሌሎች ሁለት ቤቶች መጥመቅ ጀምረዋል። አንደኛው ከዩኒቨርሲቲው የወጡ ወጣቶች የከፈቱት ሲሆን ቦዬ ከሚባለው ሥራ ሥር ሁሉ ቢራ ሠርተዋል። ቀምሼዋለሁ፤ ገና ነው፣ ግን አያፍሩም። የእኔን ጋኖች የተረከበችው ልጅ ከእኔ የተሻለ አፍንጫ አላት። ሽቶ መቀባት ግን አላቆመችም፤ ተጣልተንበታል።

የሽኝቴ ቀን በረንዳው ላይ ብዙ ንግግር ተደረገ። አቶ ታምራት ረጅም ንግግር አደረገ፤ «ማንጎውን እንኳ ያስፈነዳሁት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ አቶ ዘውዴ ተነሡ። ከካምባ ሲመጡ አልነገሩኝም ነበር። መናገር ሲጀምሩ ማንም አልሰማም፤ ጫጫታ ነበር። መስከረም ማይክ ላምጣ ብላ ተነሣች፤ በእጃቸው አስቀመጧት። ዝም ብለው ጠበቁ። አንዱ ጠረጴዛ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ አስተናጋጆቹ የያዙትን ይዘው ቆሙ። በረንዳው በሙሉ ጸጥ ሲል በዚያች በቀረቻቸው ድምፅ እንዲህ አሉ፤

«ይህ ሰው ጉሮሮዬን አቃጥሏል። በዕድሜዬ የበደሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ደጄ ድረስ መጥቶ እኔ ነኝ ያለኝ ግን እሱ ብቻ ነው። ዕድሜውን ያርዝም፣ ቤቱ ይሙላ።»

«አሜን» አለ ሰው ሁሉ፤ በሹክሹክታ፣ እንደ እሳቸው።

እሳቸውም ተቀመጡና አስተናጋጇን በጣት ጠሩ። «በይ አሁን ቅጂልኝ» አሉ፤ «ብዙ ተናገርኩ።»